ጁፒተር በካሜራዬ ነጭ እንቁላል ሆና ትወጣለች፤ የምታውቁ እርዱኝ

ፎቶ ዘሽምብጥ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እንጀራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሽራ ሳነሳ ኖሬአለሁ። ጣና ዳር በማታ ፀሐይ፣ አዳራሽ ውስጥ በሻማ፣ ጭፈራው ደርቶ መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁሉ አንስቻለሁ። ካሜራ አያስቸግረኝም። አሁን የገባሁበት ነገር ግን የማውቀውን ሁሉ አምታቶብኛል።

ባለፈው ነሐሴ አጎቴ ከውጭ ሲመጣ ቴሌስኮፕ ይዞልኝ መጣ። ባለ መስታወት ነው፤ የመስታወቱ ስፋት 130 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 650። ማቆሚያው ኢኳቶሪያል የሚሉት፣ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ የሚነጣጠር ዓይነት ሲሆን ሞተር የለውም፤ አንዲት ረዥም ተጣጣፊ እጀታ እያዞርኩ ነው የምከተለው። ክረምቱ እስኪወጣ ከሳጥኑ አላወጣሁትም። መስከረም ሰማዩ ሲጠራ ሳተርንን አየሁ፤ ቀለበቷ እንደ ክር ቀጥኖ በግራና በቀኝ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

አሁን ደግሞ ጁፒተር ነች። በዓይኔ ሳያት ሁለት ቡናማ መቀነት ታጥቃ፣ አራቱ ጨረቃዎቿ በአንድ መስመር ተደርድረው ይታዩኛል። ለባለቤቴ አሳየሁ፣ ለልጆቼ አሳየሁ። እናቴ ግን ጉልበቷን ስለሚያማት ሌሊት ተነስታ ግቢ መውጣት አትችልም፣ አይፒሱ (ዓይን የሚደቀንበት ሌንስ) ላይ ማጎንበስም አይሆንላትም። «አንተ ፎቶ አንሺ አይደለህ? አንስተህ አምጣልኝ» አለችኝ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ማምጣት አቅቶኛል።

የሠራሁትን ልንገራችሁ። ካሜራዬ ካኖን 60ዲ ነው። መጀመሪያ በማገናኛ ቀለበት አይፒሱ ቦታ ላይ ገጠምኩት፤ ፎከሱን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ባስገባውም ኮከቡ አልጠራ አለ፣ ትንሽ ይቀረዋል። ከቴሌስኮፑ ጋር የመጣችውን ባለ ሁለት እጥፍ ባርሎ (ምስል የምታጎላ ሌንስ) መሀል ላይ ሳስገባ ጠራ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ከዚያ ሌሊት ነው ብዬ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 4 ሰከንድ አደረግኩ። የወጣው ከታች ያያያዝኩት ነው፦ ነጭ እንቁላል። መቀነት የለ፣ ቀለም የለ፣ ክብ እንኳ አይደለም። መስታወቱ ጠማማ ሆኖ ይሆን ብዬ ተጨንቄአለሁ።

የማነሳው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ ሌሊት እነሳለሁ፣ ማምሸት አልችልም። ቦታው ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢያችን ነው፤ በዚያ ሰዓት ጁፒተር ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ትሆናለች። ሰፈሩ ሲጨልም ይሻል ይሆናል ብዬ መብራት የሚጠፋበትን ማታ ጠብቄም ሞክሬአለሁ። ለውጥ የለም።

ሌላም አለ። ማቆሚያውን መመሪያው እንደሚለው ወደ ሰሜን ሳዞረው የሚዛኑ ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ቪዲዮ ላይ የማያቸው የሌላ አገር ሰዎች እንዲህ ሲሆንባቸው አላየሁም።

መስታወት ልቀይር? ካሜራ ልግዛ? ብር ከማውጣቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ።


የፔዳዋ፣ ጥር 14 ቀን

ወንድሜ፣ ምንም እንዳትገዛ። መስታወትህም ደህና ነው።

ከእንቁላሉ ልጀምር። ምድር ስለምትዞር ጁፒተር በየሰከንዱ ወደ 14 የቅስት ሰከንድ ትንሸራተትብሃለች (አንድ ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ ነው)። የእሷ ስፋት ደግሞ በዚህ ሰሞን 46 ያህል ነው፤ ጥር 2 ቀን ምድር በመሀል ሆና ከፀሐይ ፊት ለፊት ትይዩ ስለነበረች የዓመቱ ትልቁ መጠኗ ነው። እንግዲህ ቴሌስኮፑ ዝም ብሎ ቆሞ በ4 ሰከንድ ውስጥ 56 ሄደች፣ ከራሷ ወርድ የበለጠ። እየተራመደች ያለች ሙሽራ በ4 ሰከንድ ሹተር ብታነሳ ምን እንደምታገኝ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ነጭነቱ ከሌላ ነገር የመጣ ነው። እኛ ነን ሌሊት ላይ ያለነው፤ የጁፒተር ፊት ግን ቀን ነው። የምታነሳው ፀሐይ የወጣችበትን ነገር ነው። ከፀሐይ ያላት ርቀት የእኛን 5.2 እጥፍ ስለሆነ የሚደርሳት ብርሃን 27 ጊዜ ያንሳል፤ ቢያንስም የቀን ብርሃን ነው። ጥቅጥቅ ካለ ዋርካ ጥላ ሥር የቆመ ሰው እንደምታነሳ አስብ። ባርሎዋ ስትገባ ቴሌስኮፕህ ኤፍ 10 ይሆናል (የትኩረት ርቀቱ የመስታወቱ ስፋት 10 እጥፍ ማለት ነው)፤ በአይኤስኦ 400 ከ1/60 እስከ 1/100 ሰከንድ ይበቃል። አንተ ከ1/100ኛው ጋር ሲነጻጸር 1600 እጥፍ ብርሃን ነው ያስገባህባት፣ መቀነቱ በምን ይታይ?

መብራት መጥፋቱ ያልጠቀመህም ለዚህ ነው። ጨለማ የሚያስፈልገው ለደብዛዛ ነገር፣ ለኔቡላ (የጠፈር ጋዝና አቧራ ደመና) እና ለጋላክሲ ነው። ጁፒተርን ከመንገድ መብራት ሥር ቆመህ ብታነሳትም ትወጣለች።

ባርሎዋ ፎከሱን ያስተካከለችልህ ደግሞ፣ የካኖን ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ከመግጠሚያው 44 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። የቴሌስኮፑ ምስል ከሴንሰሩ በፊት ይጠራል፤ ባርሎ የሚጠራበትን ነጥብ ወደ ውጭ ትገፋዋለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ትግባ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ፎቶ አታንሳ፣ ቪዲዮ ቅረጽ። ያውም ተራውን ቪዲዮ አይደለም። በባርሎ የትኩረት ርቀትህ 1300 ይሆናል፤ ጁፒተር ሴንሰርህ ላይ የምትይዘው 67 ፒክስል ያህል ብቻ ነው። ተራውን ቪዲዮ ስትቀርጽ ካሜራው የ5184 ፒክስሉን ወርድ ጨምቆ 1920 ያደርገዋል፤ ከ67ቱ 25 ይቀርሃል። 60ዲ ላይ ግን በቪዲዮ መጠን ምርጫ ውስጥ 640 በ480 ክሮፕ የሚል አለ። እሱ ሳይጨምቅ የሴንሰሩን መሀል ብቻ ቆርጦ በሰከንድ 60 ፍሬም ይሰጥሃል። ለሰርግ የማይረባ ነው፣ ለፕላኔት ግን ከዚህ የተሻለ የለህም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ካሜራ ይገዛል፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ፎከሱን በጁፒተር ጠርዝ አታስተካክል፣ ያታልልሃል። ስክሪኑን አሥር እጥፍ አጉልተህ ከጨረቃዎቹ አንዷን የምትችለውን ያህል ትንሽ ነጥብ አድርጋት። ከዚያ የብርሃኑን መጠን በእጅ አስተካክለህ 90 ሰከንድ ቅረጽ። 5400 ፍሬም ነው። አየሩ እየተናወጠ አብዛኛውን ያበላሽብሃል፤ በመሀል በመሀል ግን ለቅጽበት ቀጥ ይላል፣ እነዚያን ፍሬሞች ብቻ ለቅመህ ትደራርባቸዋለህ። ከ3 ደቂቃ አትለፍ፤ ጁፒተር በ10 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ራሷን ስለምትዞር ከዚያ በላይ ከሆነ ፊቷ ላይ ያለው ነገር ይደበዝዛል።


መምህር ከጎርጎራ፣ ጥር 15 ቀን

ልጄ፣ የፔዳዋ ያለችህን ያዝ፣ ትክክል ነች። እኔ ካሜራ የለኝም። ጡረታ እስክወጣ ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፣ አሁን ጎርጎራ ተቀምጬ ያየሁትን በእርሳስ እስላለሁ። በጁፒተር ብቻ ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። እኔ የማውቀው አየሩን ነው። ሹተሩን ብታስተካክልም አሁን ባለህበት ቦታ ጁፒተር እንደ ሽሮ ትንተከተክብሃለች።

ቆርቆሮ ራሱ ቶሎ ይበርዳል። ከሥሩ ያለው ቤት ግን እራት እየተሠራበት፣ ከሰል እየጨሰበት ሙቀቱን በጣሪያው በኩል ይለቃል፤ አንተ ደግሞ በዚያ ትኩስ አየር ውስጥ አሾልከህ ነው የምታያት። ሲሚንቶው በበኩሉ ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል። ማረጋገጥ ብትፈልግ አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥረህ ፎከሱን በጣም አበላሸውና ተመልከት። ሙቀቱ ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት በብርሃኑ ላይ ሲሄድ በዓይንህ ታየዋለህ። ሳር ያለበት ቦታ ፈልግ፣ ከማድ ቤት ራቅ።

ሰዓቱንም ቀይር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጁፒተር ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላለች፤ ብርሃኗ ቀጥታ ከአናት ከሚወርድ ብርሃን ጋር ሲነጻጸር 1.7 እጥፍ አየር ያቋርጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ግን ወደ 80 ዲግሪ ትደርሳለች፣ ከአናትህ ትንሽ ወደ ሐይቁ ያዘነበለች ሆና። አውሮፓ ያለ ሰው ፕላኔት እንዲህ አናቱ ላይ አይወጣለትም፤ እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምንኖር በየዓመቱ እናገኘዋለን። ይህ ጸጋ በእጅህ እያለ በጣሪያ ላይ አሾልከህ ማየትህ አሳዝኖኛል። የምትተኛበትን ቀን አንድ ብቻ ምረጥና ቆይ። ደግሞም እያደር በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀደም ትላለች፤ የካቲት ሲገባ ይህን ያህል ማምሸት አይኖርብህም።

ቴሌስኮፑን ፀሐይ እንደጠለቀች ከቤት አውጣው። መስታወቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪስማማ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከቱቦው ውስጥ የራሱ ትኩስ አየር ይነሳል። ሐይቅ ዳር ነንና ጤዛ ይወርድብሃል። ከአሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ቆርጠህ ከአፉ ፊት እንደ ቱቦ ጠቅልልለት። መስታወቱ ላይ ጤዛ ብታይ ግን በጨርቅ እንዳትነካው። ሽፋኑ ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ይጫራል። እንዲሁ ተወው፣ ይደርቃል።

ከአገር አገር ተጉዞ የመጣ ቴሌስኮፕ መስታወቱ ከቦታው መንቀሳቀሱ አይቀርም። ያንኑ ፎከሱ የተበላሸ ኮከብ እይ፦ ቦምቦሊኖ ይመስላል። ቀዳዳው መሀል ላይ ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ ጎን ከሸሸ ከኋላ ያሉትን ሦስቱን ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ እያዞርክ ወደ መሀል መልሰው። ጁፒተር ሰው ላይ ከደበዘዘችበት ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚሁ ነው።

ስለሚዛኑ። መመሪያው የተጻፈው የሰሜን ኮከብ 40 እና 50 ዲግሪ ከፍ ብላ ለምትታይላቸው ሰዎች ነው፤ እግር ወደ ሰሜን አድርግ ይላቸዋል። የእኛ ዘንግ የተኛ ስለሆነ ክብደቱ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ከዚያ እግር ጋር ይላተማል። አንዱን እግር ወደ ደቡብ አድርግና የሁለቱ እግሮች ክፍተት ወደ ሰሜን ይሁን፤ ክብደቱ በመሀላቸው ያልፋል። እግሮቹን ሰፋ አድርገህ ትከል። ለአንተ ሰሜን ሐይቁ ራሱ ነው። እጅህን ዘርግተህ ጭብጥህን ውኃው ላይ አስቀምጥ፣ ከጭብጡ ትንሽ ከፍ ብላ የምታገኛት የሰሜን ኮከብ ነች። በጥር አቧራና ጭጋግ ደብዝዛ ነው የምትታየው፤ ሰሜንን በስልክ ኮምፓስ ይዘህ የዘንጉን ከፍታ 11 ተኩል ብታደርገውም ለዚህ ሥራ ይበቃል።


ቀለበተኛው፣ አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን

ስለ ኮምፒውተሩ ሥራ ብቻ ልጨምር። ሦስቱም ፕሮግራሞች በነጻ የሚወርዱ ናቸው። የካሜራህን ቪዲዮ መጀመሪያ በፒፕ ክፈት፤ ጁፒተርን በየፍሬሙ መሀል ላይ አስቀምጦ ይሰጥሃል። ከዚያ አውቶስታከርት ፍሬሞቹን ከጥሩ ወደ መጥፎ ይደረድራቸዋል፤ ከላይ 15 በመቶውን ውሰድ፣ ከ5400ው 810 ይሆናል። እነሱን ደራርቦ አንድ ምስል ያወጣልሃል። ስታየው ለስላሳና ድብዝዝ ያለ ነው፣ አትደንግጥ። ሬጂስታክስ ውስጥ ዌቭሌት የሚባሉትን መንሸራተቻዎች ቀስ እያልክ ስትስብ መቀነቶቹ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ እጅህን ሰብስብ። ሙሽራ ማሳመር የለመደ እጅ ይጨምራል። ጠርዟ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መስመር ካየህ አልፈሃል፣ ወደ ኋላ መልስ። 130 ሚሊሜትር መስታወት ለይቶ የሚያሳየው እስከ 0.9 የቅስት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ያነሰ ዝርዝር ብታይ ፕሮግራሙ የፈጠረው ነው።

ሳተርንንም እንዳትተዋት። መጋቢት 2017 ላይ ቀለበቷ በጠርዙ ዞሮልን ስለነበር ነው ቀጭን ክር ያየኸው፤ አሁን እየተከፈተ ነው። መስከረም 24 ቀን 2019 ከፀሐይ ትይዩ ትሆናለች፣ ደመናው በሚገፈፍበት ሰሞን።


ፎቶ ዘሽምብጥ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

የዘገየሁት ሰርግ በዝቶብኝ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቴሌስኮፑን ወደ ጓሮ፣ ከጌሾው አጠገብ ሳሩ ላይ አወጣሁት። የደቡቡን እግር እንዳሉኝ ተከልኩ፤ ክብደቱ በመሀል አለፈ። ቦምቦሊኖውን ሳየው ቀዳዳው በግልጽ ወደ ጎን ሸሽቶ ነበር። ትልቋ ልጄ አይፒሱ ላይ ሆና «ትንሽ፣ ትንሽ፣ አሁን በዛ» እያለች እኔ ከኋላ ብሎኑን አዞርኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። መሀል ሲገባ «በቃ! እንዳትነካው» ብላ እጄን ያዘችኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ከቀድሞው በጣም ተሻለ፣ ግን መቀነቶቹ የተነካካ ቀለም ይመስሉ ነበር። አራተኛው ሌሊት ነፋሱ ጭራሽ ቆመ። የካሜራው ስክሪን ትንኙን ሁሉ ጠርቶ ፊቴ ላይ ቢያርፍብኝም አልተንቀሳቀስኩም። በስክሪኑ ላይ ያለ ምንም መደራረብ ሁለቱን መቀነት በዓይኔ አየሁ።

ከዚያ በመሀላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ሴንሰሬ ላይ አቧራ ገባ ብዬ ካሜራውን ፈትቼ በመንፊያ ነፋሁት። መልሼ ስገጥም እዚያው አለች። እንደገና ነፋሁ። ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ፣ አየሩ ጁፒተርን ሲያወዛውዛት ነጥቧም አብራ ትወዛወዛለች። የካሜራ አቧራ ቢሆን ባለበት ይቆም ነበር። ከ40 ደቂቃ በኋላ ስቀርጽ ደግሞ ነጥቧ ከነበረችበት ወደ ሌላው ጠርዝ ተጉዛለች። ስቴላሪየም (ሰማዩን በየሰዓቱ የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ሰዓቱን መልሼ አየሁ፦ የአዮ ጥላ ነው። ከእኛ ጨረቃ በጥቂት የምትበልጥ ጨረቃ ጥላዋን ጁፒተር ላይ ጥላ፣ እኔ ሽምብጥ ጌሾ ሥር ቆሜ አየሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

15 በመቶውን ደራረብኩ፣ ዌቭሌቱን ስቤ ሽንኩርቱ ሲመጣ ግማሹን መለስኩ፣ በ10 በ15 አጥቤ ጠዋት ለእናቴ ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። «መቀነቷን ሁለት ዙር ነው የታጠቀችው» አለች። ነጥቧን በጣቷ ነክታ «ይሄስ?» ስትለኝ፣ በ2012 ሰኔ 14 ቀን በእኛ ላይ የሆነው የፀሐይ ግርዶሽ እዚያ ላይ ሆኖ ነው አልኳት፤ ጥላው ያረፈበት ቦታ ፀሐይ ተሸፍናለች። ትንሽ ዝም ብላ «ታዲያ እዚያ ማን አየው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏታል?

ፎቶውን አያይዤዋለሁ። እህቴ የፔዳዋ፣ ባለ ሦስት እጥፍ ባርሎ ብጠቀም 100 ፒክስል ትደርስልኛለች ብዬ አስልቻለሁ፣ ልክ ነኝ?


የፔዳዋ፣ የካቲት 2 ቀን

ልክ ነህ። እኛ ጋ አንድ አለ፣ አትግዛ። በዚህ ሳምንት ላምጣልህና እዚያው ጌሾው ሥር እንሞክረው። የጠርዟ ቀለም ትንሽ ሰማያዊና ቀይ ሆኖ ተለያይቷል፤ ሬጂስታክስ ላይ አርጂቢ አላይን የሚለውን ተጫን፣ ይገጥማል።


መምህር ከጎርጎራ፣ የካቲት 3 ቀን

ልጄ፣ ፎቶህን አየሁና ደብተሬን ገለጥኩ። ያንኑ ሌሊት እኔም ጎርጎራ ውጭ ተቀምጬ ነበር። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ከ20 ብዬ ጽፌ፣ በሁለቱ መቀነቶች መሀል አንዲት ነጥብ በእርሳስ አጥቁሬአለሁ። ገጹን በስልክ አንስቼ አያይዤልሃለሁ፤ አትመህ ከአንተው ፎቶ ጎን አድርገህ ለእናትህ ስጥልኝ።